ከአክስሉ ጀርባ ያለው ክብደት

የኤሌክትሪክ ብስክሌት የገዛ ወዳጅ ሁሉ፣ በመኪና ከሚጎተተው ካምፐር (ከሚታደርበት ተሳቢ) ጋር ይዞት ለመጓዝ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛውን መጫኛ ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ከእሱ የሚቀድም ግን አለ። መጫኛው የሚታሰረው ምን ላይ ነው? ያ ሁሉ ክብደት እዚያ ቦታ ሲንጠለጠልስ ካምፐሩ መንገድ ላይ ምን ይሆናል? በእነዚህ በሁለቱ ላይ ሳይነጋገሩ ስለ ዋጋና ስለ ሞዴል ማውራት አውራ ጎዳና ላይ ሰው ያስጎዳል ብዬ አምናለሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

እንዲህ የምናገረው ብዙ ዘመኔን በጭነት መኪና ሥራ ስላሳለፍኩ ነው። አሜሪካ ውስጥ በከባድ መኪና ሹፌርነት የሚተዳደር ሐበሻ ብዙ ነው፤ ከአንባቢዎቼም መካከል ሚዛን ላይ ቆመው በየአክስሉ (ጎማዎቹን በሚይዘው ዘንግ) ላይ ያረፈውን ክብደት ሲቆጥሩ የኖሩ እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነሱ አዲስ ነገር አልነግራቸውም። የሚያሳስበኝ ግን በሥራ ቀን 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም 36 ቶን ገደማ የሚጎትት፣ አንዱ አክስል ስለከበደ ብቻ የኋላ ጎማዎቹን ወደፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተተ የሚያመዛዝን ሰው፣ ቅዳሜ ዕለት የራሱን ካምፐር ሲያያይዝ ያንን ሁሉ እውቀት ቤት ትቶት መውጣቱ ነው።

እኔና ባለቤቴ ወደ ኤሌክትሪክ ብስክሌት የመጣነው በእሷ የጉልበት ሕመም ምክንያት ነው። በቨርጂኒያው ሼናንዶአ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጫፍ ላይ 105 ማይል፣ ወይም 169 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መኪና በሰዓት ከ35 ማይል በላይ እንዳይነዳበት ስለተከለከለ ለብስክሌተኛ ይስማማል፤ ዳገቱ ግን ጤነኛ ጉልበትም ይፈትናል። ድሮ እሷ ካምፑ ቀርታ ቡና ስታፈላ እኔ ብቻዬን ወጥቼ እመለስ ነበር። አሁን ዳገቱን ቀድማኝ ወጥታ፣ ሸለቆው ወለል ብሎ ከሚታይበት መቆሚያ ላይ ትጠብቀኛለች። ይህን የሰጠንን ዕቃ በዋዛ አላየውም። ሰዎች ተስፋ ቆርጠው እንዲተዉት ሳይሆን በደህና ይዘውት እንዲሄዱ የምፈልገው ለዚህ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው ከክብደቱ ነው። ተራ ብስክሌት ከ10 እስከ 14 ኪሎ ይመዝናል። የኤሌክትሪኩ ከ23 ይጀምርና ጎማው ወፍራም የሆነው ዓይነት 35 ኪሎ ይደርሳል። ሁለት ብስክሌት 60 ኪሎ እንበል፤ ይህን የሚሸከመው ጠንካራ መጫኛ ራሱ 25 ኪሎ ይሆናል። በጠቅላላው 85 ኪሎ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው ከካምፐሩ ኋላ ተንጠልጥሎ ሦስትና አራት ሰዓት ሲነጥር ሄደ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የካምፐሩን የኋላ ፓራውልት ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱት። በብዙዎቹ ካምፐሮች ላይ ወርዱ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ቱቦ ነው። ብረቱ ስስ ነው። በሁለት በኩል ከሻሲው ጫፍ ጋር በብየዳ ተያይዟል፤ ሁለቱን ጫፎች ከፍታችሁ ብታዩ የፍሳሽ ማስወገጃው ቱቦ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ዋና ሥራው እሱን መያዝና የካምፐሩን ጀርባ መዝጋት ነው። አንዳንድ አምራቾች «ምንም ነገር እንዳይሰቀልበት» የሚል ማስጠንቀቂያ ይለጥፉበታል። ይሁን እንጂ በዚያው ቱቦ ላይ በቡሎን የሚታሰሩ መያዣዎች በየመደብሩ ይሸጣሉ፤ ገዢውም የሚሸጥ ነገር ሁሉ የተፈቀደ ይመስለዋል።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ በሜሪላንድ የባሕር ዳርቻ ባለችው በአሳቲግ ደሴት፣ ከእኛ ጋር አዘውትሮ የሚጓዝ አንድ ወጣት አዲስ መጫኛ ገጥሞ ሁለት ብስክሌቶች ሰቅሎ ደረሰ። ካምፐሩን ካቆመ በኋላ የስልኬን መብራት አብርቼ ከሥር ገባሁ። ፓራውልቱ ከሻሲው ጋር በተበየደበት ቦታ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ጥቁሩ ቀለም እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቋል። በመስመሩ ዳርና ዳር ቡናማ ዝገት ጀምሯል፤ ስንጥቁ የዚያን ቀን ብቻ አይደለም። አንዱን ብስክሌት በእጄ ወደ ታች ጫን ሳደርገው መስመሩ ከላይ በኩል አፉን ከፈተ፤ ስለቀው ተመልሶ ገጠመ። እየደጋገምኩ አሳየሁት።

«ጋሼ፣ መጫኛው እኮ ለኤሌክትሪክ ብስክሌት ተብሎ የተሠራ ነው። 160 ፓውንድ ይሸከማል ተብሎ ተጽፎበታል» አለኝ።

«መጫኛው ይሸከም። መጫኛውን ማን ይሸከምልሃል?»

ለጊዜው መልስ አልነበረውም። ወደዚያ ሲመጣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ የተዘረጋውን ድልድይ በዚያ ስንጥቅ ተሻግሯል። ርዝመቱ 4.3 ማይል፣ ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ብስክሌቶቹ እዚያ ላይ ቢወድቁ ኖሮ ከኋላው የሚመጣው ሰው የሚሸሽበት ዳር እንኳን የለውም። የሸጡለት ሰዎች ካምፐሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቀውት እንደሆነ ስጠይቀው፣ የጠየቁት የብስክሌቱን ጎማ ስፋት ብቻ ነበር። ይህ ያናድደኛል። ለአንድ ቤተሰብ ደኅንነት ወሳኙን ጥያቄ ሳይጠይቁ ዕቃ አሽጎ ማስረከብ ንግድ መባል የለበትም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያነበው ጽሑፍ በመጫኛው መመሪያ ውስጥ አለ። ለቤት መኪና የሚፈቀደውና ለካምፐር የሚፈቀደው ክብደት አንድ አይደለም። አንዳንድ አምራቾች ካምፐር ላይ ሲሆን የመጫን አቅሙን በግማሽ ይቀንሱታል፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ ይከለክላሉ፤ ዋስትናውንም ያነሣሉ። ምክንያታቸው በቂ ነው። የቤት መኪና ንዝረትን የሚያበርድ አሞርዛተር በየጎማው አለው። ብዙ ካምፐሮች ግን ያላቸው ባሌስትራ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጎማዎቹ መሐል አካባቢ ስለሆኑ የኋላው ጫፍ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ተወርውሮ ይነሣል፤ ተወርውሮም ይወርዳል። ቤት ውስጥ ቆሞ 60 ኪሎ የሆነው ብስክሌት እዚያ ጫፍ ላይ በሚነጥርበት ቅጽበት ከዚያ በብዙ እጥፍ ይጎትታል። ብየዳ የሚሰነጠቀውም በዚህ ድግግሞሽ ነው።

ስለ ብረቱ ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል፤ መፍትሔም አለው። ጎበዝ ባለሙያ ከሁለቱ የሻሲ ብረቶች ጋር በቀጥታ የሚያያዝ ባለ 2 ኢንች ሂች፣ ማለትም መጫኛው የሚሰካበት ቱቦ፣ ሊሠራ ይችላል። ሆኖም ብረቱ ቢጠነክርም የማይፈታ ሁለተኛ ጉዳይ አለ፤ ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

የገጠር ልጅ የሆነ ሰው በአህያ ጭነት ያውቀዋል። ሸክሙ ወደ ኋላ ከተንሸራተተ አህያዋ መራመድ ያቅታታል፤ የጭነቱ መጠን አልተለወጠም፣ የተለወጠው ቦታው ነው። ካምፐርም ከፊቱ በኩል፣ እሱ በሚያያዝበት፣ መኪናው ላይ ባለው የብረት ኳስ ላይ፣ የተወሰነ ክብደት መጣል አለበት። በአሜሪካ የሚመከረው ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ከመቶ የሚሆነው ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ ካምፐሩ ጭራውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወርወር ይጀምራል። አንድ የጭነት መኪና በፍጥነት አልፎት ሲሄድ የሚገፋው ነፋስ ብቻ ሊያስጀምረው ይችላል፤ ካልተገታ መኪናውን ይዞ ይገለበጣል።

ቁጥሩን እንመልከት። ካምፐሩ 2,200 ኪሎ ነው እንበል፤ ኳሱ ላይ የሚያርፈው 264 ኪሎ፣ ማለትም 12 ከመቶ ነው። ከአክስሉ እስከ ኳሱ 4.8 ሜትር፣ ከአክስሉ ወደ ኋላ ብስክሌቶቹ እስከተሰቀሉበት 3.6 ሜትር ነው። 85 ኪሎውን በ3.6 አባዝተን ለ4.8 ስናካፍል 64 ይመጣል። ይህ ከኳሱ ላይ የሚነሣው ክብደት ነው። አሁን ኳሱ ላይ የቀረው 200 ኪሎ ነው፤ ካምፐሩ ደግሞ ከነብስክሌቱ 2,285 ኪሎ ሆኗል። 9 ከመቶ እንኳን አይሞላም። በአክስሉ ላይ የተጨመረውም 85 ብቻ አይደለም፤ ከፊት የተነሣው 64 ኪሎም እዚያው ስለሚያርፍ 149 ኪሎ ሆኗል። ጎማዎቹ ይህን ሊሸከሙ ይችሉ እንደሆነ ማረጋገጥ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ከውጭ ሲታይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። መጫኛው አልታጠፈም፤ ብስክሌቶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ለዚህ ነው ሚዛን ያስፈልጋል የምለው። በየከባድ መኪና ማረፊያው ያሉት ካት ስኬል የሚባሉት ሚዛኖች ለጭነት ሹፌሮች ብቻ የተሠሩ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ለማንም ክፍት ናቸው። መጀመሪያ መኪናውን ከነካምፐሩ፣ ከነብስክሌቱና ከነሰዉ አቁማችሁ ትመዝናላችሁ። ከዚያ ካምፐሩን ፈታችሁ መኪናውን ብቻ ትመዝናላችሁ። በመጀመሪያው ጊዜ በመኪናው ሁለት አክስሎች ላይ ከተመዘገበው ድምር የሁለተኛውን ስትቀንሱ ኳሱ ላይ ያረፈውን ታገኛላችሁ። አንድ ቀን ጠዋት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ወረቀቱን መኪና ውስጥ አስቀምጡት። የማደንቀውን አንድ ልማድ ልጥቀስ፤ ባለቤቴ ወረቀቱ ላይ ካምፐሩ ውስጥ ምን ምን እንደነበረ በእስክሪብቶ ትጽፍበታለች። ውኃ ማጠራቀሚያው ሙሉ ነበር ወይስ ባዶ፣ ጀበናና ከሰል የያዘው ሣጥን ከፊት ነበር ወይስ ከኋላ። ያለዚያ በሚቀጥለው ጉዞ ቁጥሩ ምንም አይነግርም።

ካምፐሩ መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሡ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ የካምፐሩን ፍሬን ለብቻው የሚይዘውን በእጅ የሚነካ መቆጣጠሪያ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት። ይህን መቆጣጠሪያ እጃችሁ ሳይፈልግ እንዲያገኘው ቆማችሁ ተለማመዱ።

ታዲያ ብስክሌቱ የት ይሁን? ፒክአፕ ላለው ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ካሶኒው ላይ ይጫን። ክብደቱ በመኪናው የኋላ አክስል አካባቢ ያርፋል፤ የካምፐሩ ሚዛን አይነካም። በሹፌሩ በር ላይ የተለጠፈው የጭነት መጠን ግን ሰዉን፣ ኳሱ ላይ ያረፈውንና ካሶኒው ላይ ያለውን አንድ ላይ እንደሚቆጥር መዘንጋት የለበትም። ፒክአፕ የሌለው ሰው ከካምፐሩ ፊት፣ ከጋዝ ሲሊንደሮቹ በላይ የሚተከለውን መጫኛ ይጠቀማል። ይህም ዋጋ አለው። በዚያው በላይኛው ምሳሌ ከኳሱ 90 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ የተጫነ 85 ኪሎ ኳሱ ላይ ያለውን ከ264 ወደ 333 ኪሎ ያደርሰዋል፤ 15 ከመቶ ሊሞላ ነው። ሂቹና የመኪናው የኋላ አክስል ይህን ይችላሉ ወይ? ወደ ኋላ እየታጠፋችሁ ስትገቡ የብስክሌቱ መሪ የመኪናውን የኋላ መስታወት ይነካል ወይ? ባዶ ሜዳ ላይ፣ አንድ ሰው ውጭ ቆሞ እያየ ሞክሩት።

ካምፐሩ ውስጥ አክስሉ አካባቢ ማቆምም ይቻላል፤ ወለሉ ላይ ጠንካራ ማሰሪያ ከተተከለ። ሳይታሰር አልጋ ላይ ተጋድሞ የሚሄድ የ30 ኪሎ ብስክሌት ግን በአንድ ድንገተኛ ፍሬን ኩሽናውን ያፈርሰዋል። ጣሪያ ላይ መስቀልን አልመክርም። ያን ያህል ክብደት ወደ ላይ ማንሣት ራሱ ወገብ ይቀጫል፤ የተሽከርካሪውም ከፍታ ይጨምራል።

ስለ ማሰር ጥቂት ልበል። አጥብቄ የምይዘው ነገር መጫኛው ከሂቹ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለው ክፍተት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የምታህል ልቅነት ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ላይ ባለው የብስክሌት ጫፍ ላይ ትልቅ መወዛወዝ ትሆናለች፤ ስለዚህ ክፍተቱን የሚያጠብቅ ማጥበቂያ ቡሎን የግድ ነው። ከዚያ ሌላ ከሁለቱም ብስክሌቶች አናት ተነሥቶ በግራና በቀኝ ወደ ታች የሚወጠር የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ እጨምራለሁ። ከባዱ ብስክሌት ወደ ተሽከርካሪው የቀረበውን ቦታ ይይዛል። ሸራ አልብሶ መሄድን ተዉት፤ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ነፋስ ይሞላበትና መጫኛውን የሚጎትት ሌላ ኃይል ይሆናል። ፍሬቻው፣ የፍሬኑ መብራትና ታርጋው ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው መታየት አለባቸው። ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን ሩት 50 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ባሕሩ ስንወርድ አናፖሊስ ከመድረሳችን በፊት ማደያ ገብተን ሁሉንም በእጅ እንነካካለን። ቀበቶ ከተወጠረ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ማይሎች ውስጥ መላላቱ የታወቀ ነው፤ ከአናፖሊስ በኋላ ደግሞ የሚመጣው ያ ድልድይ ነው። ነፋስ ሲበረታ እዚያ ላይ በተሳቢዎች ላይ ገደብ ይጣላል፤ ማስታወቂያው ሲወጣ ቆማችሁ ጠብቁ።

አሁን ወደ ባትሪው ልለፍ፤ ብዙ ሰው የሚፈራውም የሚንቀውም እሱን ነው።

መጀመሪያ፣ ባትሪው የሚነቀል ከሆነ ከብስክሌቱ ተለይቶ ይጓዝ። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ስለሚመዝን ከሁለት ብስክሌት ላይ ሲነሣ መጫኛውን ያቀለዋል። በዝናብ ቀን ከካምፐሩ ጎማ የሚረጨው ውኃ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ መገናኛዎቹ ይገባል፤ ንዝረቱም ባትሪው የተቀመጠበትን ቁልፍ ይሰብራል። ስለዚህ ባትሪው ይነቀልና ብስክሌቱ ላይ የቀሩት የመዳብ መገናኛዎች በክዳናቸው ወይም ውኃ በማያስገባ ነገር ይሸፈኑ። ትንሿ ስክሪንም ከወለቀች ትውለቅ።

የተነቀለው ባትሪ የሚቀመጠው መኪናው ውስጥ ነው፤ ጥላ ባለበት፣ ወለል ላይ፣ የማይንሸራተት ሆኖ፣ በወፍራም መያዣ ውስጥ። የእኛዎቹን ከኋላ ወንበር እግር ሥር እናስቀምጣቸዋለን፤ ከመፍቻና ከብረታ ብረት ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አይገቡም። ሙሉ ኃይል ተሞልተው አይጓዙም፤ ግማሽ ያህል ሲሆኑ ይበልጥ የተረጋጉ ናቸው። በሐምሌ ፀሐይ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ስለሚችል ለምሳ ስንቆም ባትሪዎቹን እዚያ ትተናቸው አንሄድም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? በአንድ ባትሪ ውስጥ በጣት የሚያህሉ በርካታ የሊቲየም ሴሎች ተደርድረዋል። አንዱ ውስጡ ተጎድቶ ሲግል አጠገቡ ያለውን ያግለዋል፤ ያም ቀጣዩን። ከጀመረ በኋላ ለማስቆም እጅግ ከባድ ነው፤ የጠፋ መስሎም ከሰዓታት በኋላ ሊነሣ ይችላል። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ ምክንያት 268 የእሳት አደጋዎች ደርሰው 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማይቱ በዚያው ዓመት ዩኤል 2849 የሚባለውን የደኅንነት ደረጃ ያላሟላ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። ስለዚህ ስትገዙ ይህን ምልክት ፈልጉ። ርካሽ ተተኪ ባትሪ ወይም የሌላ ብስክሌት ቻርጀር ለመጠቀም የሚፈተን ሰው ካለ፣ እባካችሁ ያንን ገንዘብ ከሌላ ነገር ላይ ቆጥቡት። የወደቀ፣ ያበጠ፣ ሽታ ያመጣ ወይም ያለ ምክንያት የሚግል ባትሪ ደግሞ ጉዞ ላይ አይወሰድም፤ ቻርጅም አይደረግም።

ካምፐር ከቤት የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሩ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ ያለው ቀይ እጀታ ያለው የአደጋ መውጫ መስኮት ነው፤ ልጆች እንዴት እንደሚከፈት በእጃቸው ሞክረው ይወቁት። ግድግዳው ስስ እንጨትና ፕላስቲክ ስለሆነ እሳት ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ተኝተን ቻርጅ አናደርግም፤ በሩ አጠገብም ቻርጅ አናደርግም። የእኛ ሥርዓት ከሰዓት በኋላ፣ ከብስክሌት ስንመለስ፣ ባትሪው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ውጭ ደረቅ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጋዙ ርቆ፣ ሰው እያየው ነው። ባለቤቴ ቡና ቆልታ ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ብዙው ይሞላል። ካምፑ የኤሌክትሪክ መስመር ካለው ቻርጀሩ የሚወስደው ኃይል ጥቂት ነው። መስመር በሌለበት ቦታ ግን በካምፐሩ ባትሪ ለመሙላት አትሞክሩ። የተለመደው ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው የኃይል መጠን 600 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ አንድ የ500 ዋት ሰዓት የብስክሌት ባትሪ፣ በመለወጫው የሚባክነው ተጨምሮ፣ ያንን ሁሉ ይጨርሰዋል። ሌሊት ማሞቂያው አይነሣም።

በነገራችን ላይ፣ አገር ቤት ላለ ዘመድ የብስክሌት ባትሪ በሻንጣ ልውሰድ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አይቻልም። በመንገደኛ አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ በአየር መንገዱ ፈቃድ ደግሞ እስከ 160 ነው። የብስክሌቱ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ደብቆ መሞከር ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ነው።

ከደረሱ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ደንብ መሠረት፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የት እንደሚፈቀድ የሚወስነው የየፓርኩ ኃላፊ ነው፤ ሼናንዶአ ውስጥ አስፋልቱ ላይ ይቻላል፤ የእግር መንገዶቹ ላይ አይቻልም። አሳቲግ ላይ ሜዳ ስለሆነ ባትሪው ብዙም አይለፋም፤ ከዱር ፈረሶቹ ቢያንስ 40 ጫማ መራቅና ምግብ ውጭ አለመተው ብቻ ነው። የባሕሩ ጨው ግን ሰንሰለቱን፣ የመጫኛውን ቡሎኖችና ያንን ብየዳ ይበላል፤ ቤት ስንመለስ ሁሉንም በንጹሕ ውኃ፣ ያለ ግፊት፣ እናጥበዋለን።

ያ ወጣት ከአሳቲግ ሲመለስ ብስክሌቶቹን የጫንነው በእኔ ፒክአፕ ላይ ነበር። ፓራውልቱን አስቆርጦ ጥሎታል። ሻሲው ላይ ሂች ሊያስበይድለት የነበረውን ባለሙያ የካምፐሩን አምራች በጽሑፍ እንዲጠይቅ አደረግነው፤ መልሱ የሻሲው ብረት ከኋላ ለዚህ ሥራ አልተሠራም የሚል ሆኖ መጣ። ስለዚህ አሁን የሚጭነው ከፊት ነው። ወደ ሚዛን ይዤው ሄድኩ። ኳሱ ላይ ያረፈው 14.2 ከመቶ ሆነ፤ መኪናው ይችለዋል፣ ግን ለሌላ ነገር ቦታ አልቀረም። ሚስቱ ከፊት ታስቀምጠው የነበረውን የምጣድና የዱቄት ሣጥን ወደ አክስሉ አካባቢ እንድትወስደው ነገርኳት። ካምፐሩ ውስጥ ገብታ ወለሉን በስንዝር ለካችና «ጋሼ፣ እዚህ እኮ የልጆቹ አልጋ ነው» አለችኝ። አልጋው ከፍ ብሎ ሣጥኑ ከሥሩ እንዲገባ ሊያስተካክሉት ነው። ሲያልቅ እንደገና እንመዝናለን።